አንድ ድምፅ፣ አራት ቃል፦ ስለ «ሳውንድ» እና ስለ ሐምሌት ዋሽንት

መቼም ተማሪ ሆኖ በትርጉም ክፍለ ጊዜ ያልተሳቀበት የለም። በአንድ የትርጉም ልምምድ ላይ «ሳውንድ ስሊፕ» የሚል ሐረግ ገጠመን። መዝገበ ቃላት የሚያስገልጥ ቃል ነው ብለን አልጠረጠርንም፤ «ሳውንድ» ድምፅ፣ «ስሊፕ» እንቅልፍ፣ አለቀ። «ድምፅ ያለው እንቅልፍ» ብለን ጽፈን አስረከብን። መምህሩ ወረቀቱን ለክፍሉ አነበቡና «ማንኮራፋት ለማለት ነው?» ሲሉ ጠየቁ። ክፍሉ በሳቅ ተናጋ። ሐረጉ ግን የሚለው ከዚህ ተቃራኒውን ነበር፤ ሰላማዊ፣ የማይናወጥ፣ ድብን ያለ እንቅልፍ።

ሳቁ አለፈ፤ ጥያቄው ግን አልለቀቀንም። የዚያን ዕለት ማታ በመኝታ ክፍላችን የተነሣው ክርክር ሁለት ጎራ ለየ። አንደኛው ወገን፣ «ይህ ቃል ጥልቅ ነው፤ ድምፅንና ጤናን፣ ባሕርንና ጥልቀትን አንድ አድርጎ የሚያይ ፍልስፍና በውስጡ አለ» አለ። ሁለተኛው ወገን ደግሞ፣ «ምን ፍልስፍና አለው! እንግሊዝኛ ከየቦታው የተለቃቀመ ቋንቋ ስለሆነ ነው እንጂ» ሲል አጣጣለው። እኛ ዛሬ ብዕር ያነሣነው ሁለቱም ወገኖች ግማሽ መንገድ ላይ መቆማቸውን ለማሳየት ነው። ነገሩ የአንዲት ቃል ጉዳይ ብቻ ቢሆን ኖሮ ወረቀትና ቀለም ባላባከንን ነበር። ነገር ግን በንባብ ክበቦቻችን «የቃሉን ጥልቀት» እየፈለፈልን በምንጽፈው ኂስ ላይ፣ በምንተረጉመው ግጥምና ቲያትር ላይ ይኸው ስሕተት ይደገማል። ቃሉን ሳናውቀው እናመልከዋለን፣ ወይም ሳናውቀው እንንቀዋለን።

፩

በመጀመሪያ ማስረጃውን እንመርምር። (የምንጠቅሳቸው ዓመቶች ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው።) «ሳውንድ» ብዙ ትርጉም ያለው አንድ ቃል ሳይሆን አንድ መልክ ያላቸው አራት ቃላት ነው። የመጀመሪያው ክፍል በ1884፣ የመጨረሻው በ1928 የታተመው ታላቁ የኦክስፎርድ እንግሊዝኛ መዝገበ ቃላት እነዚህን በአንድ ርእስ ሥር አላጨቃቸውም። በአንድ ክፍል ውስጥ ስማቸው የተመሳሰለ ተማሪዎች ይመስል ለየብቻ አስቀምጦ ቁጥር ለጥፎባቸዋል።

የመጀመሪያው፣ ሁላችንም የምናውቀው፣ «ድምፅ» ማለት ነው። አባቱ የላቲኑ «ሶኑስ» ነው። ኖርማኖች በ1066 እንግሊዝን ከያዙ በኋላ ከፈረንሳይኛቸው ጋር ወደ ደሴቲቱ ከገቡት ቃላት አንዱ ሲሆን፣ በዚያን ጊዜ አነጋገሩ «ሱን» ነበር። ግጥም ለምናነብ ሰዎች ቅርብ ዘመዱ «ሶኔት» ነው፤ በጣሊያንኛ ትንሽ ዜማ፣ ትንሽ ድምፅ እንደማለት ነው።

ሁለተኛው «ጤነኛ፣ ያልተጎዳ» ማለት ነው። ይህኛው ከውጭ አልመጣም፤ ኖርማኖች ከመምጣታቸው በፊት በጥንታዊ እንግሊዝኛ «የሱንድ» ይባል የነበረ የአገር ልጅ ነው። በኋላ የፊተኛው ቅጥያ ወደቀና «ሱንድ» ብቻ ቀረ። ወንድሙ በጀርመንኛ እስከ ዛሬ አለ፤ እኛ ላስነጠሰ ሰው «ይማርህ» እንደምንለው ሁሉ፣ ጀርመኖች «ገዙንትሃይት»፣ ጤና፣ ይላሉ። እኛን ያሳፈረን እንቅልፍ የዚህ ቃል ልጅ ነው። ጤነኛ ሰውነት፣ ከዚያም ያልበሰበሰ የመርከብ እንጨት፣ ከዚያም የማይናወጥ እንቅልፍ፣ ከዚያም ኑዛዜ ሲጻፍ «አእምሮው የተስተካከለ» የሚባለው ሰው፣ ከዚያም በሎጂክ ትምህርት የምንማረው «ሳውንድ አርጊዩመንት»፣ ይኸውም ቅርጹ ትክክል ሆኖ መነሻዎቹም እውነት የሆኑ ሙግት። ሌላው ቀርቶ ሰውን አጥብቆ መግረፍ እንኳ «ሳውንድ» ይባላል። እንግዲህ ልብ በሉ፤ እዚህ ላይ የትርጉሙ ብዛት እውነተኛ ብዛት ነው። ግንዱ አንድ፣ ቅርንጫፉ ብዙ። ከጤና ተነሥቶ እስከ ሙግት ድረስ መንገዱን በእግር መከተል ይቻላል።

ሦስተኛው በሁለት የብስ መካከል ያለ ጠባብ ባሕር፣ ሰርጥ ማለት ነው። በጥንታዊ እንግሊዝኛና በሰሜን ሰዎች በኖርስ ቋንቋ «ሱንድ» ዋና ማለት ነበር፤ «ስዊም» ከሚለው ቃል ጋር ዘመዳሞች ናቸው። በዋና የሚሻገሩት ውኃ ብሎ ማሰብ ይቻላል። በዴንማርክና በስዊድን መካከል ያለው ኦሬሱንድ ስሙን ያገኘው ከዚህ ነው። ዓሣ በውኃ ውስጥ ተንሳፍፎ የሚቆምበት የአየር ፊኛም በእንግሊዝኛ ይህንኑ ስም ይዟል።

አራተኛው ግሥ ነው፤ «የውኃን ጥልቀት መለካት» ማለት ነው። መርከበኞች በገመድ ጫፍ እርሳስ አሥረው (ማዕድኑን ማለታችን ነው እንጂ የምንጽፍበትን አይደለም) ወደ ባሕር ይጥሉና ገመዱ ስንት እንደወረደ ይቆጥሩ ነበር። አሜሪካዊው ደራሲ ማርክ ትዌይን የብዕር ስሙን የወሰደው በሚሲሲፒ ወንዝ ላይ ከሚጮኸው የዚህ ልኬት ጥሪ ነው፤ ሁለት ፋዘም፣ ማለትም 12 ጫማ፣ ለመርከብ የሚበቃ ውኃ አለ ማለት ነው። ቃሉ የመጣው «ሶንዴ» ከሚለው የፈረንሳይኛ ግሥ ነው። ከዚህም በኋላ ወደ ሰው ዞረ፤ የሰውን ሐሳብ በዘዴ መመርመር፣ ሆዱን ለማወቅ ነገር ጣል እያደረጉ ማየት «ሳውንድ» ተባለ። ገመዱና እርሳሱ ቀርተው ወሬና ፈገግታ ተተኩ።

በእርግጥ ሦስተኛውና አራተኛው በሩቅ ሳይዛመዱ አይቀሩም የሚሉ ሊቃውንት አሉ። በጥንታዊ እንግሊዝኛ የጥልቀት መለኪያው ዘንግና ገመድ በ«ሱንድ» የሚጀምር ስም ስለነበራቸው፣ የፈረንሳይኛውም ቃል ሥሩ ከሰሜን ባሕረኞች ሊሆን ይችላል። ቢሆንም ድምፅና ጤና፣ ጤናና ጥልቀት አንድ ሥር የላቸውም። የመጀመሪያው ጎራ «ፍልስፍና» እዚህ ላይ ይፈርሳል።

፪

ታዲያ አራት የተለያዩ ቃላት እንዴት አንድ መልክ ያዙ? ይህም ቢሆን ዝም ብሎ መዘበራረቅ አይደለም። ሕግ አለው፤ የሁለተኛው ጎራ ንቀትም የሚፈርሰው በዚሁ ሕግ ነው።

አንደኛው ምክንያት አናባቢው ነው። በእንግሊዝኛ ከ«ንድ» በፊት የነበረው አጭር «ኡ» መጀመሪያ ረዘመ፤ ቀጥሎ ከ1400 እስከ 1700 ባሉት ዓመታት ውስጥ በተካሄደው ታላቅ የአናባቢ ለውጥ ወደ «አው» ተቀየረ። ውሻ «ሁንድ» የነበረው «ሃውንድ» ሆነ፤ መሬት «ግሩንድ» የነበረው «ግራውንድ» ሆነ። ጀርመንኛ ይህን መንገድ ስላልሄደ እስከ ዛሬ «ሁንት»፣ «ግሩንት» ይላል። በዚሁ ሕግ መሠረት የጤናውም የሰርጡም «ሱንድ» ያለ ማንም ፈቃድ «ሳውንድ» ሆኑ።

ሁለተኛው ምክንያት የበለጠ ያስቃል። የድምፁ ቃል ሲገባ በመጨረሻው «ድ» አልነበረውም። በ1400 የሞተው ባለቅኔው ቾሰር ያለ «ድ» ነው የጻፈው። «ድ» የተጨመረው ወደ 15ኛው መቶ ዓመት ገደማ ነው፤ ምላስ «ን» ብላ ከጥርስ ጀርባ ስትላቀቅ ሳታስበው «ድ» ትላለችና። ነጎድጓድም በጥንታዊ እንግሊዝኛ «ሱኖር» ዓይነት ቃል ነበር፤ ዛሬ «ሰንደር» ነው፤ «ድ» ከየት መጣ ቢሉ ከምላስ ስንፍና። መጀመሪያ የተማረ ሰው የሚያፍርበት የአፍ ልማድ ይመስላል፤ ኋላ ግን መጽሐፍ ገባ፣ መዝገበ ቃላት ገባ፣ ዛሬ «ድ»ውን የሚጥል ተማሪ ነው ማርክ የሚቀነሰው።

ከዚህ የምንማረው አለ። ዛሬ በጽሑፍ የምናየው ፊደል ሁልጊዜ እውነተኛ ምስክር አይደለም። የድምፁ «ሳውንድ» ያቺ የመጨረሻ ፊደሉ የሐሰት ምስክር ናት፤ ያልነበረ ዝምድና ትናገራለች። እንግዲህ የቃልን ዘር ለማወቅ መጠየቅ ያለበት የዛሬው መልኩ ሳይሆን የትናንቱ ነው።

፫

የመጀመሪያው ጎራ ወዳጆቻችን ብቻቸውን እንዳይመስላቸው። ሁለት ቃል ሲመሳሰል «ዘመድ ናቸው» ማለት የቆየ የሊቃውንት በሽታ ነው። በሁለተኛው መቶ ዓመት የሮማው ጸሐፊ አውሉስ ጌሊዩስ፣ «ፐርሶና» የሚለው የተዋናይ ጭንብል ስም «ድምፅ የሚያልፍበት» ማለት ነው ያለውን የጋቪዩስ ባሱስን ሐተታ እያመሰገነ ጠቅሶታል። እውነትም ያምራል፤ ጭንብሉ አፉ ክፍት ነው፣ ድምፁም በዚያ ያልፋል። ነገር ግን በላቲን ድምፅ የሚለው ግሥ «ኦ» አጭር ነው፤ የጭንብሉ ስም «ኦ» ረጅም ነው። ይህች ትንሽ ልዩነት ሐተታውን አፈረሰችው፤ ብዙዎች የዛሬ አጥኚዎች የቃሉን ምንጭ በኤትሩስካን ቋንቋ ይፈልጋሉ።

በእኛም ግቢ ይህ በሽታ አለ። አንድ የእንግሊዝኛ ቃል ከግእዝ ወይም ከአማርኛ ቃል ጋር ትንሽ ተመሳሰለ እንደሆነ «ከእኛ የሄደ ነው» የሚል ጽሑፍ ይዘጋጃል፤ ጭብጨባም ያገኛል። የአገር ፍቅሩን አንነቅፍም። ግን በፋርስኛ «ባድ» ማለት መጥፎ ነው፤ በእንግሊዝኛም «ባድ» መጥፎ ነው፤ ሁለቱ ቃላት ግን ምንም ዝምድና የላቸውም። ድምፅም ትርጉምም ገጥሞ ዝምድና ከሌለ፣ ድምፅ ብቻ ሲገጥም ምን ያህል መጠንቀቅ እንደሚገባን እናስብ። በውሸት ዘር የሚኮራ ሰው እውነተኛውን ዘሩን ሳያጠና ይቀራል።

እውነተኛውን ለማጥናት ደግሞ ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። የ«ሳውንድ» ታሪክ በአገራችን ቋንቋ ምን ይመስላል ብንል፣ «ሳለ» የሚለው ግሥ አለላችሁ። ጎረቤታችን ቢላዋ ስሎ፣ ሥዕል ስሎ፣ ሌሊቱን ሙሉ በጉንፋን ስሎ አደረ ብንል ማንም ይረዳናል። ሦስቱ ግሦች በአማርኛ አንድ ናቸው። በግእዝ ግን ሦስት ነበሩ፤ ቢላዋው ሰሐለ፣ ሥዕሉ ሠዐለ፣ ጉንፋኑ ሰዐለ። ጠየቀ፣ ለመነ የሚለው አራተኛው ሰአለ ደግሞ «ስለት ተሳለ» በሚለው ውስጥ ተቀምጧል። አማርኛ የጉሮሮ ድምፆቹን ሲጥል፣ ሠ እና ሰም በአፍ ሲገጥሙ፣ አራቱ ተገናኙ። እንግሊዝኛ በአናባቢና በምላስ ስንፍና የደረሰበት ቦታ እኛ በጉሮሮ ስንፍና ደረስን ማለት ነው።

ልዩነቱ ይህ ነው፤ እነሱ ፊደል ጨምረው መልኩን አንድ አደረጉ፤ እኛ ግን ሞክሼ ፊደሎቹን በጽሑፍ ስላቆየን ሥዕል በንጉሡ ሠ ሲጻፍ አባቱን ያስታውሳል። እኛም ብንሆን ሁልጊዜ በትክክል አናስታውስም፤ ልመናውን «ስዕለት» ብለን በዐይኑ ዐ ስንጽፍ ወደ ሥዕሉ እየጎተትነው ነው። ፊደል ይቀነስ አይቀነስ የሚለውን የቆየ ክርክር ዛሬ አንከፍትም። የምንለው አንድ ብቻ ነው፤ ሥዕልና ሳል አንድ ድምፅ ስላላቸው «ሥዕል የነፍስ ሳል ነው» የሚል ኂስ የሚጽፍ ወዳጅ ቢኖረን እንስቅበታለን። በእንግሊዝኛ ሲሆን ለምን እናጨበጭባለን?

፬

እስካሁን የተናገርነው ለሁለተኛው ጎራ ያደላ ይመስላል። «አያችሁ፣ ድንገተኛ ግጥጥም ነው እንጂ ጥልቀት የለውም!» ይሉን ይሆናል። ቆይ እንጂ። ድንገት የተገናኙ እንግዶች ከተገናኙ በኋላ መወዳጀት አይችሉም ያለ ማን ነው?

ከባሕሩ እንጀምር። በ1912 ታይታኒክ መርከብ ከሰጠመች በኋላ አሌክሳንደር ቤህም የተባለ ጀርመናዊ የበረዶ ተራራን ከሩቅ ለማወቅ የሚያስችል መላ ሲፈልግ፣ ድምፅ ወደ ባሕሩ ወለል ልኮ የገደል ማሚቶው ተመልሶ እስኪመጣ ያለውን ጊዜ በመለካት ጥልቀትን የማወቂያ ዘዴ ፈጠረ፤ በ1913ም የፈጠራ መብት አገኘበት። በእንግሊዝኛ ይህ መሣሪያ «ኤኮ ሳውንደር» ይባላል። ስሙ የመጣው ከአራተኛው፣ ከመለካቱ ቃል ነው፤ ሥራውን የሚሠራው ግን በመጀመሪያው፣ በድምፁ ነው። አንዱ ከላቲን በፈረንሳይ በኩል፣ ሌላው ከመርከበኛ ገመድ የመጡ ሁለት እንግዶች አንድ መርከብ ላይ ተሳፍረው አንድ ሥራ ያዙ።

መሐንዲሱ በ1913 ያደረገውን ባለቅኔው ከሦስት መቶ ዓመት በፊት አድርጎት ነበር። በ1600 ገደማ የተጻፈውን የሼክስፒርን ሐምሌት እንመልከት። በዚህ ቲያትር ውስጥ ሁሉም ሰው ሁሉን ይሰልላል። በሁለተኛው ገቢር ፖሎኒየስ ልጁን ሌርቲስን በፓሪስ እንዲሰልልለት ሎሌውን ሬይናልዶን ሲልክ፣ የሰውን ሆድ ነገር ጣል እያደረጉ ስለመመርመር ሲያስተምረው «ሳውንድ» የሚለውን ግሥ ይጠቀማል። በሦስተኛው ገቢር መጀመሪያ ጊልደንስተርን ለንጉሡ ሪፖርት ሲያቀርብ፣ ሐምሌት ለመመርመር የሚመች ሰው አልሆነም ሲል ያንኑ ቃል ይደግማል። እስካሁን ድረስ ቃሉ የገመዱና የእርሳሱ ቃል ብቻ ነው፤ ሙዚቃ የለበትም።

ቀጥሎ ግን፣ በዚሁ ገቢር ሁለተኛ ትዕይንት፣ ሙዚቀኞች ዋሽንት መሰል መሣሪያቸውን ይዘው ይገባሉ። ሐምሌት አንዱን ተቀብሎ ለጊልደንስተርን ይሰጠውና እንዲነፋው ይለምነዋል። ጊልደንስተርን አልችልም ይላል። ሐምሌት ደጋግሞ ይለምነዋል፤ እሱም ደጋግሞ አላውቅበትም ይላል። ይኼኔ ሐምሌት ይፈነዳል፤ ይህችን ትንሽ እንጨት መንፋት የማትችል ሰው እኔን ልትጫወትብኝ ታስባለህን፣ ከዝቅተኛው ድምፄ እስከ ከፍተኛው ልታውቀኝ ትሻለህን፣ እንደማለት ያለ ነገር ይናገረዋል። በዚያ ንግግር መካከል ያለችው ግሥ «ሳውንድ» ናት። አሁን ግን ሁለት ቃል ሆናለች፤ «ድምፄን ልታወጣ» እና «ጥልቀቴን ልትለካ»።

ልብ እንበል። ሐምሌት ጊልደንስተርን ለንጉሡ ሪፖርት ሲያቀርብ እዚያ አልነበረም። የሰላዮቹን ቃል ግን ከአፋቸው ነጥቆ፣ ዋሽንት ላይ አስቀምጦ፣ መልሶ ፊታቸው ላይ ነፋው። ቤተ መንግሥቱ እሱን እንደ ውኃ ለካው፤ እሱ ደግሞ «እኔ ዋሽንት አይደለሁም» አላቸው። ይህ ጨዋታ ብቻ አይደለም። አንድ ወጣት የሰው መሣሪያ አልሆንም ማለቱ ነው፤ ነጻነቱን ያስከበረው በአንዲት ግሥ ላይ ቆሞ ነው። በቅኔ ቤት አነጋገር «ሳውንድ» እዚህ ላይ ኅብረ ቃል ናት፤ ሰሙ ዋሽንቱ፣ ወርቁ ስለላው። ጥልቀቱ ከቃሉ ዘር አልመጣም። ከፖሎኒየስ እስከ ዋሽንቱ ድረስ ደራሲው ደረጃ በደረጃ ሠራው።

እዚህ ላይ አንድ ፈተና አለ፤ እኛም ተፈትነናል። የሐምሌት ቤተ መንግሥት ያለበት ኤልሲኖር የተቀመጠው በኦሬሱንድ ዳር ነው፤ የዴንማርክ ነገሥታት ከ1429 እስከ 1857 በዚያ ከሚያልፉ መርከቦች ቀረጥ ይሰበስቡ ነበር፤ እንግሊዞችም ያንን ሰርጥ በአጭሩ «ሳውንድ» ይሉት ነበር። በዚያ ላይ የሐምሌት አእምሮ ጤነኛ ነው አይደለም የሚለው የቲያትሩ ትልቅ ጥያቄ ነው። አራቱም ቃላት አንድ ቦታ ተሰበሰቡ! «የሐምሌት ምስጢር አራቱ ሳውንዶች» የሚል ርእስ እንኳ አዘጋጅተን ነበር። ግን ቲያትሩ የሰርጡን ስም በዚህ ጨዋታ ውስጥ አያነሣውም፤ የጤናውንም ቃል በዋሽንቱ ንግግር ውስጥ አያስገባውም። ያነገረው ሁለቱን ነው። ሁለቱን የሠራቸው ሼክስፒር ነው፤ የቀሩትን ሁለቱን የምንሠራቸው እኛ በሆንን ነበር። ርእሱን ቀደድነው።

ዊሊያም ኤምፕሰን «ሰባት የአሻሚነት ዓይነቶች» የተባለውን ዝነኛ የኂስ መጽሐፉን በ1930 ሲያሳትም ገና 24 ዓመቱ ነበር፤ ሥራውንም የጀመረው በኬምብሪጅ ተማሪ ሳለ ለመምህሩ ለሪቻርድስ ባቀረበው ጽሑፍ ነው። የእኛ ዕድሜ ሰው ያን ያህል መሥራቱ ያስቀናል። ከእሱ የወሰድነው ትምህርት አሻሚነት ሀብት ነው የሚለውን ነው፤ ደግ አደረግን። የረሳነው ግን አሻሚነቱ በጽሑፉ ውስጥ ሥራ ሲሠራ መታየት እንዳለበት ነው። መዝገበ ቃላቱ ውስጥ መኖሩ ብቻ ሀብት አያደርገውም።

፭

የመጨረሻው ነገራችን ስለ ትርጉም ነው። ሎሬት ጸጋዬ ገብረ መድኅን ሐምሌትን ወደ አማርኛ መልሶታል፤ እኛ እዚህ የእሱን ሥራ ለመመዘን አልተነሣንም። የምንጠይቀው ማንኛውም ተርጓሚ እዚህች ግሥ ላይ ሲደርስ ምን ሊያደርግ ይችላል የሚለውን ነው። «ድምፄን ልታወጣ» ቢል ስለላው ይጠፋል፤ «ልትመረምረኝ» ቢል ዋሽንቱ ይጠፋል። ሁለቱንም ቢደረድር ትርጉም ሳይሆን የግርጌ ማስታወሻ ይሆንበታል።

የእኛ ሐሳብ ይህ ነው። ቃሉን መተርጎም ይተው፤ በአማርኛ መስቀለኛ መንገዱን ይፈልግ። እንዲህ ያለ መስቀለኛ መንገድ አለን፤ «ቃኘ»። ክራር ይቃኛል፤ በገና ይቃኛል፤ ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰል፣ አንቺ ሆዬ ቅኝት ይባላሉ። የጠላት ሰፈርም ይቃኛል፤ ከጦር ፊት የሚላከው ቃኚ ነው። ጊልደንስተርን ለንጉሡ «ሊቃኙት ቢሞክሩ አልተመቻቸውም» ቢል፣ ሐምሌት ደግሞ መሣሪያውን በእጁ ይዞ «እኔን ልትቃኘኝ!» ቢል፣ ያገራችን ተመልካች ያለ ምንም ማስታወሻ ሰሙንም ወርቁንም ይሰማል።

ይህን ሐሳብ ለጓደኞቻችን ስናካፍል ክራር የሚመታ አንድ ልጅ ወዲያው ተቃወመን። «ዋሽንት አይቃኝም። ዋሽንተኛ ቅኝት ሲለውጥ ዋሽንት ነው የሚለውጠው። የሚቃኘው ክር ያለው ነው» አለን። እውነቱን ነው፤ አፈርንም። ከዚያ ግን ጽሑፉን እንደገና አነበብነው። ሼክስፒር ራሱ በዚያ ንግግር መጨረሻ ላይ ከሚነፋው መሣሪያ ወደ ባለ ክሩ ይዘላል፤ ማናደድ ማለትም፣ በክር መሣሪያ አንገት ላይ ጣት የሚያርፍበት ጠርዝ ማለትም በሚሆን ሌላ አሻሚ ቃል ይጫወታል። እንግዲህ ተርጓሚው «ቃኘ»ን በዋሽንቱ ላይ ሳይሆን ትንሽ ዘግይቶ፣ ወደ ክሩ በሚዘለልበት ቦታ ላይ ቢያስቀምጠው ባለሙያውም አይቆጣ፣ ደራሲውም አይከዳ። ከዝቅተኛው ድምፅ እስከ ከፍተኛው ያለውን ግን «ከትዝታ እስከ አንቺ ሆዬ» ብለው የሚያሳምሩ እንዳይመጡብን፤ ሰውየው ዴንማርካዊ ነው፣ ይቆይ በአገሩ።

እንዲህ ስናደርግ ምን አገኘን? ቃሉ በዘሩ ጥልቅ ነው ያለው ጎራ ተሳስቷል፤ ዘራቸው አራት ነው። ቃሉ ዝም ብሎ የተዘበራረቀ ነው ያለውም ተሳስቷል፤ መልኩ አንድ የሆነው በሕግ ነው፤ ሁለቱም ቃላት በአንድ ባለሙያ እጅ ሲገቡ የአንድን ሰው ክብር እስከ መሸከም ደርሰዋል። የኂስ ጸሐፊ ሥራ ሁለት ነው፤ መጀመሪያ ቃሎቹን በየአባታቸው መለየት፣ ቀጥሎ ደራሲው የቱንና የቱን እንዳጋባቸው በጽሑፉ ውስጥ ጣት ጠቁሞ ማሳየት። የመጀመሪያውን ዘልሎ ወደ ሁለተኛው የሚሮጥ ኂስ ጥልቅ ይመስላል እንጂ ማንኮራፋት ነው፤ ይህን ደግሞ ከማንም ይልቅ እኛ እናውቀዋለን።

«ቃኘ» ለሁለቱም ሥራ አንድ ቃል ነው ወይስ እንደ «ሳለ» የተገናኙ ብዙ ቃላት ነው? እኛ አንድ ነው እንላለን፤ ክርንም ሰፈርንም የሚፈትሽ አንድ ዓይንና አንድ ጆሮ ያለበት ይመስለናል። የተለየ ማስረጃ ያለው፣ በተለይ ከቅኔ ቤት የመጡ ወንድሞቻችንና ክራር የሚመቱት እህቶቻችን፣ ለሚቀጥለው ዕትም ይጻፉልን። ስድብም ቢሆን እናትማለን፤ «ሳውንድ» ይሁን እንጂ።